እሺ አላለችም

ይመኙሻል እንግሊዝኛ መማር ስትጀምር፣ ሶዶ ውስጥ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከራሷ ከይመኙሻል በቀር። አንዱ ዱባይ ልትሄድ ነው አለ። ሌላው የምን ዱባይ፣ ከፈረንጅ ጋር በስልክ ተዋውቃ ነው አለ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ደግሞ ጌታ ለወንጌል ጠርቷት ይሆናል ብለው በጸሎት አሰቧት። ሃምሳ ሊሞላት ምንም ያልቀራት፣ ባሏን የቀበረች፣ አንድ ልጇን ቤቴልን አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የላከች ሴት፣ አመሻሽ ላይ እስክሪብቶ ይዛ ከልጆች ጋር ስትቀመጥ መቼም ያለ ነገር አይሆንም ተባለ። እሷ ግን ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነው። ስለምፈልገው ነው ትላለች። ይህቺ መልስ ሰዉን ምን ያህል እንዳበሸቀችው አትጠይቁኝ። ዱባይ ብትል ይሻላት ነበር፤ ዱባይማ ለማንም ይገባል።

የሚማሩት እዚያው እሷ ቤት ነው። መጀመሪያ ላይ ቲቸር ጌታነህ፣ ቀን ቀን ሃይስኩል የሚያስተምረው ያ ሸንቃጣ ልጅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚያስተምራቸው። የክፍሉ ባለቤት ከናንተ ፑል ቤት ይሻለኛል ብሎ አስወጣቸው። ተማሪዎቹ ዝናብ ላይ ቆመው እርስ በርስ ሲተያዩ ይመኙሻል ኑ አለቻቸው። ባሏ ብርሃኔ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቤሌ መስመር ሾፌር ነበር። ከቤሌ የሚመጣ ዘመድ ቢመሽበት እንዲያድርበት ብሎ በሩ ወደ አስፋልቱ የሚከፈት አንድ ሰፊ ክፍል ከቤቱ ፊት ሠርቶ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የሚያድረው ሶፋ ብቻ ነው። ሶፋውን ወደ ጓዳ አስገባች፣ ከመዘምራን አግዳሚ ወንበር ለመነች፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አስመታች፤ ትምህርት ቤት ሆነ።

ጌታነህ ሪፖርትድ ስፒች የሚባለውን፣ የሰውን ቃል ለሌላ ሰው ማድረስን፣ ሲያስተምር የራሱ ዘዴ ነበረው። መጽሐፉን ዘጋና እንዲህ አላቸው፤ እያንዳንዳችሁ በየቀኑ ሰው ያላችሁን አንድ ነገር ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ እዚህ ቆማችሁ በእንግሊዝኛ ማን ምን እንዳለ ትነግሩናላችሁ። አትጨምሩም፣ አትቀንሱም። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበር እኔ እጠግነዋለሁ፣ የሰውየውን ቃል ለራሳችሁ እንዲመች አድርጋችሁ ካመጣችሁ ግን ዜሮ ናችሁ አላቸው።

የሌሎቹ ቃል መቼም ለዛ የለውም። የባጃጅ ሾፌሩ እሸቴ፣ ተሳፋሪው ቶሎ ንዳ እንዳለው ይናገራል። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሊድያ፣ አለቃዋ መጋረጃውን ዝጊ እንዳላት ትናገራለች። ይመኙሻል ስትነሳ ግን ክፍሉ ነቃ ይላል፤ ምክንያቱም እሷን የማይናገራት ሰው የለም። ጎረቤቴ፣ አሁን አንቺ እንግሊዝኛ ብትችዪ ለበሬ ልታወሪለት ነው ወይ አለች፤ ትላለች በእንግሊዝኛ። የአጎቴ ልጅ ከሁምቦ ደውሎ፣ የኛ ቤተሰብ መሳቂያ ሆነ አለ፤ ትላለች። አንዲት የመዘምራን አባል፣ ባልሽ ቢኖር ይሄን አታደርጊም ነበር አለች፤ ትላለች። በየቀኑ የሚወረወርባትን ሁሉ እየለቀመች ይዛ ትመጣለች፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ጌታነህ ያርማል፣ እሷ ደግማ ታስተካክላለች።

ሶዶ ትልቅ ከተማ ናት ይባላል እንጂ ወሬ ለመሮጥ ገና ጠባብ ናት። ይመኙሻል የሚሏትን ሁሉ እየወሰደች በፈረንጅ አፍ ትናገራለች ተብሎ ወዲያው ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ሲያይዋት ምላሳቸውን ሰብሰብ ማድረግ ጀመሩ። ጥግ ላይ ጎደሬ የምትሸጠው ሴት አንድ ቀን ነገር ጀምራ መሃል ላይ አቋረጠችና፣ ተይኝ እባክሽ፣ ነገ በእንግሊዝኛ ልታወጪኝ ነው አለቻት። ይመኙሻል ያንኑ ወሰደችና አመሻሹ ላይ ለክፍሉ ተናገረችው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ያላትን ውጣ ዝም ስትል ኖራ፣ አሁን መልሳ የምታስቀምጥበት ቦታ አገኘች።

ጌታነህ ሌላም ልማድ ነበረው። በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይሰጣል፤ አብሯችሁ ይደር፣ አብሯችሁ ገበያ ይሂድ ይላል። ለሊድያ ፕሮሚስ ደረሳት፣ ቃል መግባት። ለእሸቴ ዋርን ደረሰው፣ ማስጠንቀቅ። ለይመኙሻል ሪፊውዝ ደረሳት።

እምቢ ማለት ነው አላት።

ሌሎቹ የየራሳቸውን ጻፉ። እሷ አልጻፈችም። እስክሪብቶውን አስቀምጣ ሰሌዳውን ትኩር ብላ አየችው፤ ሊድያ አሞሻል እንዴ አለቻት። አላመማትም። ያደገችበት ጉኑኖ ትዝ ብሏት ነው።

ጉኑኖ ሰባተኛ ክፍል ሳለች በእንግሊዝኛ ከወንዱም ከሴቱም የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ሽማግሌዎች መጡ፣ ለሶዶው ብርሃኔ ሊጠይቋት። እሷ ጓዳ ናት። አጎቷ ገባና ምን ትያለሽ አላት፤ ወጉን ለመሙላት። ትምህርቴን ሳልጨርስ አልፈልግም አለችው፣ በግልጽ፣ በገዛ አፏ። አጎቷ ራሱን ነቀነቀ፣ ሰማሁ አላት፣ ወጣ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ከወዲያ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። እሺ ብላለች፣ አላቸው።

በቃ። ሰዎቹ መረቁ፣ እሷ ትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች።

አጎቷ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንግዶቹ ፊት ቤተሰቡን ላለማሳፈር ነው። ብርሃኔም ጥሩ ባል ወጣለት፣ ይህን ማንም አይወስድበትም። እጁን አላነሳባትም፣ ከቤሌ ሲመለስ ማንጎ ሳይዝ አይገባም ነበር። ግን ያቺ ከአፏ ያልወጣች እሺ፣ ይኸው እስከዛሬ ጉሮሮዋ ላይ ናት። ባል ጥሩ ስለሆነ ውሸቱ እውነት አይሆንም። ይመኙሻልን ለምን ትማሪያለሽ ለሚሏት ሁሉ ይህን ብትነግራቸው ይገባቸው ይሆናል፤ ግን አልነገረቻቸውም፣ ምን ዕዳዋ ነው።

ደገፉ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ደገፉ የብርሃኔ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነጋዴ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ቃሉ የማይወድቅ ሰው። ትምህርቱ መሃል ላይ በሩ ላይ ቆመ፣ ባርኔጣውን አላወለቀም፣ ለማንም ሰላም አላለም። ጌታነህ ይግቡ ቢለው ዞር ብሎም አላየው። ይመኙሻልን በአገጩ ጠርቷት ወደ ግቢው አወጣት።

እዚያ ያላት ይህ ነው። የወንድሜ ቤት አመሻሽ ላይ የጎረምሳ መዋያ ሆነ። ሰው ምን ይላል። ልጄ ቤኒ ሞባይል የሚጠግንበትና የሚሸጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ ክፍሉ አስፋልት ላይ ነው፣ ለሱ ይሆናል። እስከ ወሩ መጨረሻ ወንበሩን አስወጪ። ይመኙሻል ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማችው፣ ታላቋ ነው። ሲጨርስ ቀና አለችና፣ ጋሼ ደገፉ፣ ሰው የሚለውንማ በየቀኑ እየሰማሁ ነው፣ ለቤት ሥራ ይጠቅመኛል አለችው። ቀልዱ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት አልወደደውም። እንዲህ ካልሽ እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል አላትና ሄደ።

አሁን፣ ለምን ፍርድ ቤት አትሄድም የሚል ይኖራል። መሄድ ትችላለች። ቤቱ በባሏ ስም ነው፣ ሕጉም ከሷ ጋር ነው። ነገር ግን የባሏን ወንድም ከሳ እሁድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣ እንዴት አድርጋ ትቀመጣለች? ልጇን ቤቴልን ነገ የሚድራት ማነው? ብትታመም ማን ይደርስላታል? ሶዶ ውስጥ ሰው የሚኖረው በዘመድ ነው። ሽማግሌ የወሰነውን ደግሞ ዘመድ ሁሉ ያከብራል፤ ስለዚህ እሁድ የሚባለው ነገር የመጨረሻው ነው። ክፍሉ ከሄደ ትምህርቱም ሄደ ማለት ነው፣ ጌታነህ ሌላ የሚከራይበት አቅም የለውም። ሰባተኛ ክፍል ላይ የተቀማችውን ለሁለተኛ ጊዜ ልትቀማ ነው።

ተመልሳ ገባች። ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል። ቆመችና በእንግሊዝኛ፣ የባሌ ወንድም አስጠነቀቀኝ አለች። እሸቴ፣ እትዬ ቃሌን ወሰድሽብኝ እኮ አለ ሊያስቃት፤ ማንም አልሳቀም። ጌታነህ ጠመኔውን እያገላበጠ፣ እትዬ፣ በኛ ምክንያት ከዘመድሽ አትጣዪ፣ እኛ እንወጣለን፣ ቢያንስ እስከ ክረምት እናቋርጠው አላት።

ይመኙሻል ተናደደች። ደገፉ ላይ ያልተናደደችውን ያህል በዚህ ልጅ ላይ ተናደደች። ማን ጠየቀህ አለችው። እኔ ሳልናገር አንተም እሺ ልትልልኝ ነው? ቁጭ በልና አስተምር። ልጁ ቀላ፣ ወደ ሰሌዳው ዞረ፣ አስተማረ። በዚያች አመሻሽ መብራት ጠፍቶ በስልካቸው ብርሃን ሲማሩ ቆዩ፤ ማንም ልሂድ አላለም።

የነብርሃኔ ቤተሰብ አንድ ወግ አለው። ሽማግሌ ሲቀመጥ ምራት በባሏ አባቶች ፊት ቆማ አትሟገትም። ቃሏን አስቀድማ ከባሏ ወገን ለሆነ አንድ ሰው ትሰጣለች፣ ቃል አድራሽ ይባላል፣ እሱ ተቀብሎ ያደርስላታል። እሷ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ትሰማለች። የቤተሰቡ ቃል አድራሽ ሀብታሙ ነው፣ የብርሃኔ የአጎት ልጅ፣ ወፍራም፣ ፈገግታው የማይጠፋ፣ ለሰው የሚራራ ሰው። ችሎታው ማለስለስ ነው። አንድ ባል ዓይኗን ማየት አልፈልግም ካለ፣ ሀብታሙ ለሚስትየዋ ሄዶ፣ ናፍቀሽዋል ግን ተቀይሟል ይላታል። ሚስትየዋ ይጥፋልኝ ካለች፣ ይቅርታ ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል ብላለች ይለዋል። ስንት ትዳር በዚህ ምላስ ተርፏል። እንደሚያለሰልስ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይወደዋል፤ ማንም የራሱ ቃል ተሸርፎ ሲደርስ ዞር ብሎ አይጠይቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቃሏን ሊቀበል መጣ። ጎደሬ ቀቅላ ከዳጣ ጋር አቀረበችለት፣ ዳጣው አቃጥሎት ዓይኑ እስኪያነባ በላ። ከዚያ ነገረችው። ክፍሉን አልለቅም። ለቤኒም፣ ለማንም። ትምህርቱን አላቆምም። ይህን ብቻ አድርስልኝ አለችው። ሀብታሙ አፉን እየጠረገ፣ ገባኝ፣ በሚሆነው መንገድ አደርሰዋለሁ አላት።

በሚሆነው መንገድ የሚለው አላማራትም። እንደ ክፍሉ ልጆች አድርጋ፣ እስቲ ድገምልኝ አለችው። ሳቀና ደገመላት። ክፍሉን አልለቅም ብላለች፣ ትምህርቱን አላቆምም ብላለች። ልክ ነው፣ አንዲትም አልጎደለችም። ደግሞም ምሎ ነው የሄደ፣ እንዳልሽው አደርሳለሁ ብሎ። እሷም አመነችው። ምን ታድርግ፣ ሌላ አፍ የላትም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደገፉ ግቢ አቮካዶው ሥር ወንበር ተደረደረ። ዳሞታ ተራራ ደመናውን አውልቆ ነበር፣ ቀኑ ብሩህ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ በመካከላቸው አቶ ክብረት፣ የቤተሰቡ ታላቅ። አቶ ክብረት የግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ ቀኙም ቢሆን የሚሰማው የፈለገውን ነው ይባላል። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ይመኙሻልም እዚያው፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ከጓሮ የሚወጠወጠው ሥጋ ይሸታል፤ ደገፉ ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚበላውን አስቀድሞ አዘጋጅቷል። ይሄ ራሱ አናደዳት።

በጸሎት ተከፈተ። ንግግሩ ሁሉ በወላይትኛ ነው፣ የቤታቸው ቋንቋ። ደገፉ ተነሳና በጥሩ አንደበት ተናገረ። ስለ ወንድሙ ስም፣ ስለ ቤተሰቡ ክብር፣ ስለ ልጁ እንጀራ፤ ስለ ክፍሉ የተናገረው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም በአጭሩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አቶ ክብረት የምራታችን ቃልስ አሉ። ሀብታሙ ተነሳ።

ይመኙሻል አፉን አፉን አየችው። እሱ ደገፉን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ የዘመዱን ሁሉ ፊት አየ። ሰላም የሰፈነበት ግቢ ነው፣ ማን ያደፈርሰዋል? ደግነቱ አሸነፈው። የይመኙሻል ልብ ከናንተ ጋር ነው አለ። ቅሬታ የላትም አይባልም፣ ሴት ናት፣ ክፍሉን ለምዳዋለች። ግን ከአባቶቿ ቃል አልወጣም ብላለች። በአጭሩ፣ እሺ ብላለች።

እሺ ብላለች። ያው ቃል፣ በዚያው ቋንቋ፣ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ የሰማችው። አጠገቧ የተቀመጠችው የደገፉ ሚስት በመዳፏ ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት፣ አይዞሽ፣ አለቀ እንደማለት። አቶ ክብረት ሊመርቁ እጃቸውን አነሱ።

ይመኙሻል ተነሳች። ከሰሌኑ ወረደች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ በወንበሮቹ መሃል አልፋ ሀብታሙ አጠገብ ቆመች። ከጓሮ የድስቱ መንተክተክ ብቻ ይሰማል።

“ቃል ይዤ መጥቻለሁ” አለች።

ደገፉ ቀድሞ መለሰላት። “ቃልሽ ደርሷል፣ ተቀመጪ።”

“የደረሰው የኔ አይደለም።”

አንዱ ሽማግሌ ቆጣ ብሎ ምራት እዚህ ቆማ እንደማትሟገት አስታወሳት። ትክክል ነው አለችው፣ በትሕትና እጅ ነሳችው። መሟገት ወጉ አይደለም፣ ቃል ማድረስ ግን ወግ ነው። ስለዚህ እኔ አልሟገትም፣ የይመኙሻልን ቃል ነው የማደርስ፣ ራሷ ልካኝ ነው አለች። ከወጣቶቹ መሃል አንዱ ሳቁን ዋጠ። ቤኒ ይሆናል። ይመኙሻል አልሳቀችም፤ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም። በየቀኑ ቆማ የምትናገርበት ክፍል ለካ ለዚህ አለማምዷታል።

“የብርሃኔ ሚስት ይመኙሻል እንዲህ ብላለች” አለች። “ክፍሉን አልለቅም ብላለች። ትምህርቴን አላቆምም ብላለች። ለምን ቢሏትም፣ ስለምፈልገው ነው ብላለች። ይህንንም ጨምረሽ ንገሪልኝ ብላለች። ብርሃኔ የሞተ ጊዜ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ጋሼ ደገፉ ከሬሳው ራስጌ ቆመው፣ ይህ ቤት የይመኙሻል ነው፣ እኔ ቆሜ ሳለሁ ከዚህ ቤት አንዲት ክፍል ማንም አይነካባትም ብለው ቃል ገብተው ነበር ብላለች። እኔ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። በድንኳኑ የነበረ ሰው እዚህ አለ።”

ነበር እንጂ። ግማሾቹ ነበሩ። አቶ ክብረት ራሳቸው ነበሩ፣ ያንን ቃል የሰሙ ጊዜ አልቅሰዋል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፣ አንዳንዱም ከዘራውን መሬት ላይ ማሽከርከር ጀመረ። ደገፉ አላልኩም ማለት አልቻለም። ፊቱ ጠቆረ። በሐዘን የተነገረ ነው አለ፣ ሰው በሐዘን ጊዜ ብዙ ይላል አለ። ይህ ደካማ እንደሆነ ራሱም ገባው መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ወጉ ዞረ።

“በአባቶቻችን ወግ፣ ከቃል አድራሹ አፍ ያልወጣ ቃል አይቆጠርም። ሀብታሙ ተናግሯል፣ እሺ ብላለች ብሏል። ሌላው ጩኸት ነው።”

አቶ ክብረት ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ፣ እውነቱን ነው አሉ። ከቃል አድራሹ አፍ ያልወጣ አይቆጠርም፣ እኛም የወረስነው እንዲያ ነው።

ይመኙሻልን ወኔዋ እዚያ ላይ ከዳት። እንደገና፣ አለች በልቧ፣ እንደገና በሌላ ሰው አፍ። የተናገረችው ሁሉ አየር ላይ ቀረ፤ ክፍሉ፣ ሰሌዳው፣ የመዘምራን ወንበር፣ ጌታነህ ከጠመኔው ጋር፣ ሁሉም ከእጇ ሲወጣ ታያት። ልታለቅስ ነበር። አላለቀሰችም፤ ደገፉ ግቢ ውስጥ ማልቀስ ለደገፉ ምርቃት ማከል ነው። ግን ወደ ሰሌኑም አልተመለሰችም። እዚያው ሀብታሙ አጠገብ፣ ትከሻዋ ትከሻውን ሊነካው ትንሽ ሲቀረው፣ ቆመች።

አቶ ክብረት ቀኝ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከበው ዘንበል አሉ።

“ሀብታሙ” አሉ፣ “ቅድም በደንብ አልሰማሁህም። ይመኙሻል ምን አለች?”

የሀብታሙ ግንባር ላብ አወጣ። ደገፉን አየ፤ ደገፉም አየው፣ ጠንከር አድርጎ። ሀብታሙ ጊፋታን፣ የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ በየዓመቱ የሚያከብረው እዚህ ግቢ ነው፣ ልጆቹን ያስተማረለት ደገፉ ነው። ደግ ሰው ደግ ሆኖ መቅረት የማይችልበት ቦታ ላይ ሲቆም አይታችሁ እንደሆነ፣ ፊቱ ያሳዝናል። ሊናገር አፉን ከፈተና ያችኑ ለስላሳ ፈገግታውን ፈለጋት፤ አጣት። ከዚያ ወደ ይመኙሻል ዞረ። ቅዳሜ ጎደሬውን በልቶ ሲያበቃ፣ እስቲ ድገምልኝ ብላው እንደጠበቀችው፣ እንዲያው ትጠብቀዋለች።

“ክፍሉን አልለቅም ብላለች” አለ ሀብታሙ፣ ቀስ ብሎ።

“አልሰማሁም” አሉ አቶ ክብረት። ሰምተዋል።

“ክፍሉን አልለቅም ብላለች። ለቤኒም ለማንም። ትምህርቴን አላቆምም ብላለች።”

“ቅድም እሺ ብላለች ያልከውስ?”

ሀብታሙ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ሲናገር ድምፁ ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ፣ እንዲያ ጮክ ብሎ መናገር እንደሚችል ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

“እሺ አላለችም” አለ። “እኔ ነኝ ያልኩት። እሷ እሺ አላለችም።”

ይመኙሻል ዓይኗን ጨፈነች። ከሰላሳ ዓመት በላይ ያለፈው የጉኑኖ ግድግዳ ጆሮዋ ላይ ነበር፤ እዚያ ያልተባለላት ይኸው እዚህ ተባለላት። ጉሮሮዋ ላይ ተሰክታ የኖረችው ነገር ወረደች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አቶ ክብረት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና፣ ከቃል አድራሹ አፍ ወጥቷል፣ ተቆጥሯል አሉ። ደገፉ በድንኳን የገባውን ቃልም እኛው ሰምተናል፣ እሱም ይቆጠራል፤ ክፍሉ የሷ ነው፣ ቤኒ ሌላ ቦታ ይፈልግ አሉ። መረቁ። ደገፉ አሜን ያለው ከሁሉም ዘግይቶ፣ ወደ መሬት እያየ ነው። ወደደም ጠላም አሜን ብሏል።

ምሳ ብዪ አሏት፣ የደገፉ ሚስት ክንዷን ይዛ ለመነቻት። ይመኙሻል ሥጋውን ቀመሰች፣ ለወጉ፣ አንድ ጉርሻም ለሀብታሙ አጎረሰችው፤ በዳጣ ለውሳ ነው ያጎረሰችው፣ እንደገና ዓይኑ እስኪያነባ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

እሸቴ ባጃጁን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ ሲጠብቃት ነበር፣ ማንም ሳይልከው። ሊድያም ከኋላ ተቀምጣለች፣ ጥፍሯን እየበላች። ግቢው በር ላይ የቆሙት ዘመዶች ከኋላዋ ያያሉ፣ ቤኒም ከመሃላቸው ነው። እሸቴ መሪውን እንደጨበጠ፣ እትዬ ምን አሉሽ አላት፣ በሹክሹክታ።

“እነሱ ያሉትን ተወው” አለችው። “እኔ ያልኩትን ጠይቀኝ።”

ጠየቃት፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው። ይመኙሻል አንድ እግሯን ባጃጁ ላይ አድርጋ፣ በር ላይ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በዚያች በሳምንቱ ቃሏ፣ በሪፊውዝ፣ በእንግሊዝኛ መለሰችለት። ቤኒ እንግሊዝኛ ይችላል፣ ለሌሎቹ ምን እንዳለች ነገራቸው፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ።